ስለ ምግብ ቤቶች ንጽሕናና በማዕድ ቤት ስለሚገኙ ተባዮች
በዲላና በጌዴኦ ላሉ መምህራንና ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

በቀድሞው ዘመን በኢትዮጵያ መንገደኛ የሚያድረውና የሚመገበው በሰው ቤት ነበር እንጂ እንጀራን በገንዘብ ገዝቶ መብላት የተለመደ ነገር አልነበረም። ባለቤቲቱም ለእንግዳው የምታቀርበውን ምግብ ልጆቿ ከሚበሉበት ድስት ታወጣ ነበርና፥ ለንጽሕናው ዋስ የሚሆነው የገዛ ልጆቿ ጤና ነበር። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ያሠሩት ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ግን ለማያውቁት ሰው ምግብ ሠርቶ መሸጥ እንደ አንድ ሙያ እየተቈጠረ ሄደ፤ የመኪና መንገድ በተዘረጋበትም ሁሉ ምግብ ቤት፥ ሻይ ቤትና ጠጅ ቤት ተከተለ። በዚህ ጊዜ የቀድሞው ዋስ ቀረ። የሚበላው ሰው ማዕድ ቤቱን አያይም፤ በማዕድ ቤት ያለውም ሰው የሚበላውን አያውቀውም። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ሰው፥ ይኸውም የጤና ተቈጣጣሪ፥ እንዲገባ ያስፈለገው ስለዚህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. የተባለው እንደ ኢትዮጵያ፥ እ.ኤ.አ. የተባለው እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።)

ዲላ ከአዲስ አበባ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቡና በሚለቀምበት ወራት ነጋዴውና ሾፌሩ፥ ተሸካሚውና የቀን ሠራተኛው ይሰበሰቡባታል፤ ከወናጎ፥ ከይርጋ ጨፌ፥ ከኮቸሬ፥ ከገደብና ከቡሌ ለገበያ፥ ለሙግት ወይም ለሕክምና የሚመጣውም ሰው ምሳውን የሚበላው በመንገድ ዳር ባሉት ቤቶች ነው። ከየገጠሩ ለትምህርት መጥተው ክፍል ተከራይተው የሚኖሩትም ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚመገቡት በዚያው ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስለ ገባ፥ እንሰቱንና ቡናውን ከትልልቁ ዛፍ ጋር አብሮ የሚያሳድገውን ገበሬ ለማየት የሚመጣ እንግዳም ከዚህ በኋላ እየበዛ ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል። እንግዴህ በከተማው ማዕድ ቤት የሚደረገው ነገር ለገጠር መምህርና ለገጠር ሽማግሌ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው በሽታው ከምሳው ጋር ተያይዞ አለመታየቱ ነው። ለምሳሌ የታይፎይድ በሽታ ተሕዋስ ወደ ሰው አካል ከገባ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ተሰውሮ ይቈያል። አባት ቡናውን ሸጦ በዲላ ምሳ በልቶ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ትኵሳቱ ሲነሣበት የሚያስበው ትናንት የመታውን ዝናም ወይም ዛሬ የበላውን ቆጮ ነው እንጂ ያንን ምሳ አይደለም። ባለምግብ ቤቱም በቤቱ በልቶ የታመመ ሰው እንደሌለ በሙሉ ልብ ይናገራል። ዋሽቶ አይደለም፤ አያውቅም።

ታይፎይድ፥ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፥ አሜባ፥ ጃርዲያ፥ የወስፋት እንቍላልና ኮሌራ ሁሉም የሚመጡት ከአንድ ስፍራ ነው፤ ይኸውም ከሰው ዐይነ ምድር ወጥተው ወደ ሌላ ሰው አፍ ይገባሉ። ይህን ነገር በማዕድ ፊት መናገር የሚያሳፍር ቢሆንም መምህር የሆነ ሰው ሳይሸፋፍን ሊያስተምረው ይገባዋል፤ ዐፍሮ የተወው እንደ ሆነ ልጆቹ ተሕዋስ የተባለው ነገር ከአየር የሚወርድ ይመስላቸዋል። ከዐይነ ምድር ወደ አፍ የሚያደርሱት መንገዶች ጥቂቶች ናቸው፦ ያልታጠበ እጅ፥ ያልጠራ ውሃ፥ እንዲሁም በመጸዳጃ ቤትና በማዕድ ቤት መካከል የሚመላለሱት ተባዮች።

ስለ ዝንብ

ዝንብ ጠንካራ ምግብ የምታላምጥበት ጥርስ የላትም። ስለዚህ በስኳርም ሆነ በእንጀራ ላይ ባረፈች ጊዜ ከሆዷ ፈሳሽ ታወጣና ምግቡን በዚያ አርጥባ ትመጠዋለች። ከጥቂት ጊዜ በፊት በመጸዳጃ ቤት የመጠጠችውም ከፈሳሹ ጋር በምግቡ ላይ ይቀራል፤ በእግሯ ጠጕርም የተጣበቀው እንደዚሁ ነው። በአዲስ አበባ ጥቅጥቅ ብለው በተሠሩ ሰፈሮች ዝንቦችን ሰብስበው የመረመሩ ሊቃውንት የወስፋትን እንቍላልና ሌሎችንም የአንጀት ጥገኞች በዝንቦቹ ላይ ማግኘታቸውን በ2007 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል።

አንዲት ዝንብ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 እንቍላል በቈሻሻ ላይ ትጥላለች። ቈላማና ወይና ደጋ በሆነው አገር እንቍላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል፤ ትሉም ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ከዚህ ቍጥር አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል፦ የማዕድ ቤቱ ጥራጊ በሳምንት ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ቢቀበር ወይም ቢቃጠል ትሉ ክንፍ ሳያወጣ ያልቃል፤ በየአሥራ አምስት ቀን የሚነሣ ከሆነ ግን ጥራጊው የዝንብ እርሻ ሆነ ማለት ነው። በምግብ ቤቱ ውስጥ ዝንብ በጨርቅ እያባረረ የሚውል ልጅ ከማቆም፥ በጓሮ ያለውን ክምር ማንሣት ይሻላል።

በጌዴኦ ሌላ ነገር ይጨመራል። በቡና ወራት ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚወጣው ልጣጭ ከነጣፋጩ ፈሳሽ ይከመራል፤ በወንዝ ዳር የተጣለ እንደ ሆነ ውሃውን ያበላሻል፤ ዝንብም ይሰበስባል። እንሰት ተፍቆ የሚጣለውም ትርፍ እንደዚሁ ነው። ሁለቱም ከአፈር ጋር ተቀላቅለው በወግ ቢበሰብሱ ለቡናው ተክል ማዳበሪያ ይሆናሉና፥ ይህን ጕዳይ ሶንጎ በሚባለው የሽማግሌዎች ጉባኤ ቢነጋገሩበት ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል።

የመጸዳጃ ቤቱ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ጕድጓዱ ክዳን ይኑረው፤ አየር ማስወጫ ቱቦ ካለውም ጫፉ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ በሩም ወደ ማዕድ ቤቱ አይክፈት።

ስለ በረሮ

በከተማ ማዕድ ቤቶች የሚበዛው ትንሹ ቡናማ በረሮ ነው። እንስቲቱ ከ30 እስከ 40 የሚሆን እንቍላል በአንድ ከረጢት ይዛ እስኪፈለፈል ድረስ ከኋላዋ አንጠልጥላ ትዞራለች፤ ስለዚህ መድኃኒት ተረጭቶ የሚታዩት ካለቁ በኋላ ከረጢቱ ውስጥ ያሉት ይወጡና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቤቱ እንደ ቀድሞው ይሆናል። ባለቤቱም መድኃኒቱ ውሸት ነው ይላል።

በረሮ ብርሃን ይሸሻል። በምድጃ ኋላ፥ በማቀዝቀዣው ሞተር አጠገብ፥ በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጋዜጣ ሥር፥ በመደርደሪያ ስንጥቅ ውስጥ ተጨናንቆ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ በድስትና በማንኪያ ላይ ይሄዳል። ወደ ቤቱም የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በእግሩ ሳይሆን በለስላሳና በቢራ ሳጥን፥ በካርቶንና በጆንያ ተጭኖ ነው፤ ስለዚህ ሳጥኑ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በደጅ ቢራገፍ ብዙ ድካም ይቀራል።

በዚህ ላይ በኢትዮጵያ ጥሩ ጥናት ተደርጓል። ከአዲስ አበባና ከዝዋይ የተያዙ በረሮዎች የሰውን አንጀት ጥገኞች ተሸክመው መገኘታቸው በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በጅማ ከተማም በ2014 እ.ኤ.አ. እንደዚሁ ስለ አንጀት ጥገኞች፥ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ምግብ በሚሠራባቸው ቤቶች የተያዙት በረሮዎች ስለሚሸከሟቸው ባክቴሪያዎች ተጽፏል። በዚያው ዓመት በጎንደር የተደረገው ምርመራ ይበልጥ ያሳስባል፤ በበረሮዎቹ ላይ ከተገኙት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ሐኪም የሚያዝዛቸውን የተለያዩ መድኃኒቶች የሚቋቋሙ ነበሩ። ከበረሮ የተነሣ የታመመ ሰው የሚጐዳው በበሽታው ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱም እምቢ ስለሚለው ነው።

በቀን የሚሄድ በረሮ የታየ እንደ ሆነ፥ በስንጥቁ ውስጥ ለመዋያ ስፍራ እስኪጠፋ ድረስ በዝተዋል ማለት ነው። ስለዚህ ማዕድ ቤትን በእውነት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መብራት ከጠፋ ከሁለት ሰዓት በኋላ የእጅ ባትሪ ይዞ ይግባ። መምህርም ከልጆች ጋር ቀላል ፈተና ሊያደርግ ይችላል፦ የመስታወት ማሰሮ ወስዶ የአፉን ውስጣዊ ጠርዝ ዘይት ቀብቶ፥ በውስጡ ጥቂት ዳቦ ጨምሮ፥ ለማታ በምድጃ ኋላ ያኑረው። የገባው በረሮ መውጣት አይችልምና ጠዋት ይቈጠራል፤ በየሳምንቱ የተቈጠረው ቍጥር ቢጻፍ ጽዳቱ መሻሻሉና አለመሻሻሉ ያለ ክርክር ይታወቃል።

ማጥፊያው ከሁሉ በፊት ውሃ መከልከል ነው። በረሮ ምግብ ሳያገኝ ሳምንታት ይቈያል፤ ውሃ ሳያገኝ ግን ያን ያህል አይቈይም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይጠገን፤ የዕቃ ማጠቢያው ሳፋ ማታ ተደፍቶ ይደር፤ ስንጥቁም በሲሚንቶ ይደፈን። ከዚያ በኋላ ቦሪክ አሲድ የሚባለው ዱቄት ምግብና ልጅ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ በስሱ ቢነሰነስ ቀስ ብሎ ይጨርሳቸዋል።

የሚረጭ መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ የዲ.ዲ.ቲ. ታሪክ ይመሰክራል። ዲ.ዲ.ቲ. ተባይን እንደሚገድል በ1939 እ.ኤ.አ. ፓውል ሙለር የሚባል የስዊስ ሊቅ ደርሶበት በ1948 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ በዚያም ጊዜ ዝንብ ከዓለም የሚጠፋ መስሎ ነበር። ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት ግን በኤውሮጳ ዲ.ዲ.ቲ. የማይገድላቸው ዝንቦች ታይተው ነበር። ከዚያ በኋላ በአፈርና በእንስሳት አካል ለብዙ ዘመን ሳይጠፋ እንደሚቈይ ስለ ታወቀ፥ በ2001 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም የተፈረመው ስምምነት በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ከመከላከል በቀር እንዳይሠራበት ከለከለ። ለእርሻ የተገዛ ፀረ ተባይ በማዕድ ቤት መርጨትም እንደዚሁ ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ በድስት ላይ የወደቀው መርዝ የበረሮና የሰው ብሎ አይለይም።

ስለ አይጥ

አይጥ ከሁሉ ይልቅ ብልኅ ስለ ሆነ ስለ እርሱ ረዘም ያለ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ትንሹ አይጥ እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ፥ ይኸውም ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል በሆነ ቀዳዳ ይገባል። የፊት ጥርሱ ዕድሜውን ሁሉ ስለሚያድግ ሳያኝክ መኖር አይችልም፤ እንጨት፥ ጆንያ፥ ፕላስቲክ፥ የመብራት ሽቦ ልባስም ሳይቀር ያኝካል፤ ከዚህም የተነሣ እሳት የተነሣባቸው ቤቶች አሉ። እንስቲቱ በ3 ሳምንት ያህል ትወልዳለች። በሽንቱም ሌፕቶስፒራ የሚባል ተሕዋስ ያስተላልፋል። በቀድሞ ዘመን በዓለም ብዙ ሕዝብ የጨረሰውን ወረርሽኝ ያመጣው ተሕዋስ በ1894 እ.ኤ.አ. በሆንግ ኮንግ በአሌክሳንደር የርሲን ተገኝቷል፤ ከአራት ዓመት በኋላም ፖል ሉዊ ሲሞን ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው ቍንጫ መሆኑን አሳየ።

አይጥ ራሱ ሳይታይ ምልክቱ ይታያል። በመደርደሪያና በጆንያ መካከል ጥቍር ፍሬ የመሰለ ኵስ፥ ሁልጊዜ ግድግዳ ታክኮ ስለሚሄድ በግድግዳው ግርጌ ከሰውነቱ ቅባት የተነሣ የጠቈረ መሥመር፥ የተቈረጠ ጆንያ፥ አዲስ አፈር የወጣበት ጕድጓድ ይገኛል። በእነዚህም ያልረካ መርማሪ ማታ በግድግዳው ሥር አመድ በስሱ ነስንሶ ጠዋት ዱካውን ይመልከት፤ ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ በትምህርት ቤት መጋዘንም ይሆናል።

በጌዴኦ ማዕድ ቤቶች አይጥ የሚወድደው ስፍራ የተከመረ የኮባ ቅጠል፥ የቆጮ መጋዘንና ባዶ የቡና ጆንያ የተጣለበት ጥግ ነው። ኮባው ግን አይነቀፍም። ከአትክልቱ ትኵስ ተቈርጦ፥ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፥ ቆጮና ክትፎ ቀርቦበት አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚጣል ቅጠል በቈሸሸ ጨርቅ ከተወለወለ ሸክላ ሳሕን ይበልጣል። ጥፋቱ የሳምንት ቅጠል በጓሮ መከመሩ ነው። ቆጮውም ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቆጥ፥ ከግድግዳም ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ከሥሩ መጥረግና ዱካ ማየት ይቻላል።

አሁን ስለ መርዝ። ሰው አይጥ ባየ ጊዜ ወዲያው ወደ ገበያ ሄዶ መርዝ ይገዛል፤ ይህ መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ሊሆን የሚገባው ነገር ነው። ከሚሸጡት አንዱ የአይጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፤ አይጡ ከጥቂት ቀን በኋላ በጣሪያ ወይም በግድግዳ ውስጥ ሞቶ ይሸታል፤ የበላችውም ድመት ትሞታለች። ሌላው ለጐተራ እህል የሚሸጠው ኪኒን ነው፤ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። በብዙ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ዕቃ የሚያጥቡት ልጆች ሌሊት የሚያድሩት በመጋዘኑ ውስጥ መሆኑን ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ናቸው። በሩ ተዘግቶ፥ ኪኒኑ ከጆንያ ሥር ተቀምጦ፥ ልጁ በጆንያው ላይ ቢተኛ ጠዋት አይነሣም። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚባለው ተረት በዚህ ስፍራ ቃል በቃል ይፈጸማል። ልጁን በዲላ ለሥራ የሰጠ ወላጅ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን የሚያድርበትን ስፍራ ገብቶ ማየት ይገባዋል።

ወጥመድ ይሻላል። ይሁን እንጂ ትልቁ አይጥ አዲስ ነገር ሲያይ ለብዙ ቀን አይቀርበውም፤ ስለዚህ ወጥመዱ ሳይጠመድ መብል ብቻ ተደርጎበት ጥቂት ቀን ግድግዳ ታክኮ ይቀመጥ፤ አይጡ ከለመደው በኋላ ይጠመድ። ቀዳዳው በሲሚንቶና በሽቦ ይደፈን፤ በበሩ ሥር ያለው ክፍተት በቆርቆሮ ይጠበብ። ስለ ድመት ብዙ ይወደሳል፤ በጎተራ አጠገብ ታገለግላለች፤ ነገር ግን በማዕድ ቤት ውስጥ በእግሯ አመድና ዐፈር ይዛ በገበታ ላይ የምትወጣ ስለ ሆነች ስፍራዋ ከበር ውጭ ነው።

ስለ ሠራተኛው

ተባይ ሁሉ ቢጠፋ የወጥ ሠሪው እጅ ይቀራል። በኒው ዮርክ ከተማ ሜሪ ማሎን የምትባል ወጥ ሠሪ ነበረች። በ1907 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ሶፐር የሚባል መርማሪ ይህች ሴት በሠራችባቸው ቤቶች ታይፎይድ ተከታትሎ እንደ ተነሣ ደረሰበት። እርሷ ግን ጤነኛ ነበረች፤ ተሕዋሱ በአካሏ ውስጥ ሳያማት ይኖር ነበር። ሦስት ዓመት ያህል ተለይታ ከቈየች በኋላ ሁለተኛ ወጥ እንዳትሠራ ቃል አስገብተው ለቀቋት። ልብስ እያጠበች ለመኖር ሞከረች፤ ክፍያው ግን እንደ ወጥ ሥራ አልነበረም። በ1915 እ.ኤ.አ. ስሟን ለውጣ በአንድ የወላዶች ሆስፒታል ወጥ ስትሠራ ተገኘች፤ በዚያም 25 ሰዎች ታመው ሁለቱ ሞቱ። በ1938 እ.ኤ.አ. እስክትሞት ድረስም ተለይታ ኖረች።

ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ የሚናገሩት ሴትዮዋን ለመንቀፍ ነው። ነገር ግን መተዳደሪያዋን ከልክሎ በምትኩ የሚበቃ ሌላ ሥራ ያልሰጣት መንግሥትም ድርሻ አለው። በዲላም ሆነ በሌላ ከተማ ተቅማጥ የያዛት ወጥ ሠሪ ብትናገር የቀን ደመወዟን የምታጣ ከሆነ አትናገርም፤ ሆዷን ይዛ ሽሮውን ታማስላለች። ባለቤቱ ለታመመችበት ሦስትና አራት ቀን ደመወዟን ቢሰጣት ለደንበኞቹ ጤና እንደ ከፈለ ይቈጠራል። በየጊዜው የሚደረገው የዐይነ ምድር ምርመራም ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት የሚናገረው ስለ ምርመራው ቀን ብቻ ነው፤ ከመጸዳጃ ቤት ስትወጣ በሳሙና መታጠቧን አይናገርም። ማስታጠቢያና ሳሙና ከመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ መኖሩ ከወረቀቱ ይበልጣል።

ስለ ምርመራው

በኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና አዋጅ ቍጥር 91 በ1947 እ.ኤ.አ. ታወጀ፤ የሕዝብ ጤና ደንብም በ1950 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ1954 እ.ኤ.አ. በተከፈተው በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኰንኖችና ከነርሶች ጋር ሳኒታሪያን የተባሉት የንጽሕና ባለሙያዎች ይሠለጥኑ ጀመር፤ በየከተማው ሥጋ ቤቱንና ሆቴሉን ይመረምሩ የነበሩት እነዚህ ናቸው። የቀድሞው አዋጅ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የሕዝብ ጤና አዋጅ ቍጥር 200 ተተካ፤ ከዚያም በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 661፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቍጥር 1112 ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት ቍጥጥር ወጡ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም የምግብ ንጽሕናንና ነፍሳትንና አይጥን መከላከልን ከትምህርቱ ክፍሎች አድርጎ ወደ ቀበሌ አድርሶታል። እንግዴህ የጐደለው ሕግ አይደለም።

ደካማ ምርመራ ከፊት በር ይጀምራል፤ ወንበሩን፥ የግድግዳውን ቀለምና የአስተናጋጇን ነጭ ጋዋን አይቶ ይሄዳል። ጥሩ ምርመራ ከኋላ ይጀምራል፤ መጀመሪያ መጸዳጃ ቤቱን፥ ቀጥሎ ጥራጊው የሚጣልበትን፥ ከዚያ ውሃው የሚቀዳበትንና የሚቀመጥበትን በርሜል፥ ከዚያ መጋዘኑን፥ በመጨረሻም ምድጃውን ያያል። ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ምርመራ የሚመረምረው የዚያን ቀን ጠዋት የተደረገውን ጽዳት ነው። ባለቤቱን ብቻ መጠየቅም አይበቃም፤ ባለቤቱም ምስክር እንዲሆን ሠራተኛውን ቢጠራ «የአይጥ ምስክር ድንቢጥ» እንደሚባለው ይሆናል። ተቈጣጣሪም በሚመረምረው ቤት በነጻ ምሳ መብላት አይገባውም፤ አንድ ክትፎ የበላ ሰው ዐይኑ ይጨልማል።

የሚከብደው ፍርድ ቤቱን ስለ መዝጋት ነው። አንዲት ልጆች የምታሳድግ ሴት ሦስት ጠረጴዛ ያላት ቤት ተዘግቶባት ብትውል ልጆቿ ጾም ያድራሉ፤ ሳይዘጋ ቢቀር ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ይታመማል። በዚህ ጊዜ ተቈጣጣሪው የድኽነትን ጕድለት ከቸልተኝነት ጕድለት ለይቶ ማየት አለበት። ግድግዳውን ሸክላ ንጣፍ ለማልበስ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ቀን ይሰጣት። ለጥሬ ሥጋና ለአትክልት ሁለት የተለያየ መክተፊያ ለመያዝ፥ ለሳሙና፥ ለቈሻሻው ክዳን ግን ብዙ ገንዘብ አያሻም፤ ይህን ያላደረገች እስክታደርግ ድረስ ትዝጋ። የኮሌራ ወሬ በተሰማ ጊዜ፥ በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. በባሌ ተነሥቶ ወደ ብዙ ክፍላተ ሀገር እንደ ተዛመተው ያለ ሲሆን፥ ለማንም ቀን መስጠት አይገባም።

ዕቃ የሚታጠበው በሦስት ሳፋ ነው፦ በአንዱ በሳሙና፥ በሁለተኛው በንጹሕ ውሃ፥ በሦስተኛው በ10 ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ በረኪና ተጨምሮበት ተነክሮ። ከዚያ በኋላ በጨርቅ ሳይወለወል በመደርደሪያ ላይ ራሱ ይድረቅ። ጠረጴዛውን፥ ቢላዋውንና እጁን በአንድ ጨርቅ የሚወለውል ቤት ሌላው ሁሉ ቢያምር አይታመንም። የበሰለ ወጥም ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ተሕዋስ ስለሚራባበት ከሁለት ሰዓት በላይ በደጅ አይቀመጥ፤ የተቀመጠውም እንደ ገና ሲሞቅ እስኪንተከተክ ድረስ ይፍላ።

ስለ ድግስና ስለ እድር ዕቃ

በገጠር ተቈጣጣሪ የማይደርስበት አንድ ትልቅ ምግብ ቤት አለ፤ እርሱም የሠርግና የለቅሶ ድንኳን ነው። በአንድ ቀን ከሁለት ከተማ ምግብ ቤት የሚበልጥ ሰው ይበላበታል። ድስቱ፥ ሳሕኑና ብርጭቆው የእድሩ ነው፤ ከድግስ እስከ ድግስ በመጋዘን ውስጥ ይከማቻል፤ በዚያም አይጥ በድንኳኑ እጥፋት ውስጥ ይወልዳል፤ በረሮም በሳሕኖቹ መካከል ያድራል። ሰው በሞተ ሌሊት ዕቃው በችኰላ ይወጣና በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ይቀርብበታል።

የእድሩ ሹም መጋዘኑን በወር አንድ ጊዜ ከፍቶ ያስጠርግ፤ ቀዳዳውን ያስደፍን፤ ድንኳኑን በፀሐይ ያስሰጣ፤ ሳሕኑን በአፉ ደፍቶ ክዳን ባለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጥ። ዕቃው ሲወጣ ሳይታጠብ እንዳይቀርብ በእድሩ ደንብ ይጻፍ፤ የሚያጥቡትም ሁለት ሰዎች በተራ ይመደቡ፤ ሳሙናና በረኪና ከመዋጮው ተገዝቶ ከዕቃው ጋር ይቀመጥ። በድንኳኑ ደጃፍም፥ ለቀስተኛው ለቅሶውን ጨርሶ ወደ ማዕዱ ሲገባ እጁን የሚታጠብበት ማስታጠቢያ ከነሳሙናው ይቁም፤ ውሃውን የሚያስታጥበውም ልጅ በሣኒ ውስጥ እጅ እንዳይነከር፥ ከላይ እየፈሰሰ እንዲታጠቡ ያድርግ።